ቤተሰብ ይዞ ሐዋሳ ለመሄድ፦ ስለ ዝግጅቱና ስለ ወጪው ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ልጆች ፈተና ሊጨርሱ ሲቃረቡ ስልኬ መጮህ ይጀምራል። የሥራ ባልደረባ፣ ጎረቤት፣ የእህቴ ጓደኛ፣ ሁሉም ስለ ሐዋሳ ነው የሚጠይቀኝ። ስንት ብር ይበቃናል? መቼ ይሻላል? የት እንረፍ? እኛ ቤት አምስት ነን፤ እኔ፣ ባለቤቴና ሦስት ልጆች። ከአዲስ አበባ እየተነሣን ብዙ ጊዜ ሄደናል። ብዙውን ጊዜ ደስ ብሎን ነው የተመለስነው፤ አንድ ጊዜ ግን ተኳርፈን ተመልሰናል፣ ምክንያቱም ገንዘብ ነበር። የሚጠየቀው ሁሌም ያው ስለሆነ መልሱን እዚህ አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ።

ለምን ሐዋሳ? ሌላ ቦታ የለም?

ሞልቷል። ቢሾፍቱ ቅርብ ነው፣ ግን ደርሶ መልስ ለአንድ ቀን ነው የሚሆነው። አርባ ምንጭ በጣም ያምራል፣ ግን ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ልጅ ይዞ በመኪና ለሚሄድ ሰው ሁለት ቀን መንገድ ላይ ያልቃል። ሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በጠዋት ከተነሣችሁ ምሳ እዚያ ትበላላችሁ። ከተማው ሜዳ ስለሆነ በእግር መሄድ ይቻላል፤ ሐይቁ ዳር ቁጭ ማለት ደግሞ ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። ለመጀመሪያ ጊዜ ቤተሰቡን ይዞ ለሚወጣ ሰው ከዚህ የሚቀልል ቦታ አላውቅም።

በጠቅላላ ስንት ብር ይበቃል?

ዋጋ ስለማይረጋ ቁርጥ ያለ ቁጥር መስጠት አይቻልም። የኛን ልንገራችሁና እናንተ በራሳችሁ ልክ አስሉት። በአንዱ ጉዟችን ለአምስት ሰው፣ ለሦስት ሌሊት፣ በራሳችን መኪና 36,000 ብር ይዘን ነበር። መኝታ ሁለት ክፍል 13,200 ወሰደ። ነዳጅና የክፍያ መንገድ 8,400። ምግብ 8,800። ጀልባ፣ መግቢያ፣ የልጆች አይስክሬም ምናምን 2,000። የቀረውን 3,600 ለክፉ ቀን ብለን ሳንነካው ለየብቻ አስቀመጥነው።

ብሩን ሳይሆን ድርሻውን ያዙ። መኝታ ከሲሶው ትንሽ በለጥ ይላል፣ ነዳጅና ምግብ እያንዳንዳቸው ሩብ ገደማ ናቸው፣ አንድ አሥረኛው መጠባበቂያ ነው። ዛሬ ዋጋው ሌላ ቢሆንም ይሄ አከፋፈል እስካሁን አልከዳኝም።

ነዳጁን በግምት አትተዉት። ደርሶ መልሱ 550 ኪሎ ሜትር ነው፤ እዚያ የምትዟዟሩበትን 100 ጨምሩና 650 በሉት። መኪናችሁ በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የምትሄድ ከሆነ 65 ሊትር ነው። ያንን በዕለቱ ዋጋ ማባዛት ነው።

ሰው በጀት ሲይዝ ሆቴልና ነዳጅ አስቦ ያቆማል። እኛን ያጣላን ግን ሆቴሉም ነዳጁም አልነበረም። ውሃ፣ ማኪያቶ፣ ፓርኪንግ፣ ባጃጅ፣ ለፎቶ አንሺ፣ ለልጅ ፊኛ፣ አሁንም ውሃ። በሦስተኛው ቀን ባለቤቴ «ገንዘቡ የት ገባ?» ሲለኝ አፌን ሞልቼ የምመልሰው አልነበረኝም። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ ከመተኛታችን በፊት የቀኑን ወጪ ስልኬ ላይ እጽፋለሁ። አምስት ደቂቃ ነው የሚወስደው። ትልቋ ልጄ አሁን ሥራውን ተረክባኛለች፣ ከኔ በላይ ጥብቅ ናት።

ገንዘቡን ከየት እናምጣ? ብንበደርስ?

ለዕረፍት አትበደሩ። ይሄን ጠንከር ብዬ ነው የምለው። ተመልሳችሁ ለሦስት ወር ዕዳ ስትከፍሉ የዕረፍቱ ደስታ ይጠፋል፣ ባልና ሚስትም ይነካካሉ።

እኛ የምንጠቀመው ዕቁብ ነው። አሥራ ሁለት ሰዎች በወር 3,000 እንጥላለን፣ ዕጣ የደረሰው 36,000 ያነሣል። ከላይ የጠቀስኩት ብር ከየት እንደመጣ አሁን ገባችሁ። ዕጣው የሚወጣበትን ወር መምረጥ አይቻልም፤ ግን ቀድሞ ከደረሳችሁና ሌላው ቸግሮት ከሆነ መለዋወጥ ያለ ነገር ነው። ዳኛውን አስቀድማችሁ አማክሩት። እኔ ባለፈው ልጇን ለምታስመዘግብ ሴት መስከረም ላይ ዕጣዬን ሰጥቼ የሷን ጥር ላይ ወሰድኩ። ለሁለታችንም ተመቸን።

ዕቁብ የሌላችሁ ለብቻው የቁጠባ ደብተር ክፈቱለት። ከአስቤዛ ብር ጋር አንድ ላይ ከተቀመጠ ሳታውቁት ሽንኩርትና ዘይት ሆኖ ያልቃል።

መቼ ብንሄድ ይሻላል?

እንደኔ ከጥምቀት በኋላ ያለው ጊዜ ነው ምርጡ። ጥር መጨረሻና የካቲት መጀመሪያ አየሩ ደረቅ ነው፣ ብዙ ትምህርት ቤቶችም በዚያ አካባቢ የሴሚስተር ዕረፍት ይሰጣሉ። ሐምሌና ነሐሴ ልጆች ነፃ ናቸው፣ ግን ዝናብ አለ። ዝናቡ ቀኑን ሙሉ ባይሆንም የጀልባውን ሰዓት ያበላሻል።

በገና፣ በጥምቀትና በፋሲካ ሆቴል ቀድሞ ይያዛል፣ ዋጋም ይጨምራል። ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ደግሞ የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነው፤ ከየቦታው ሰው ይጎርፋል። ይሄን ሳላስብ አንድ ዓመት ታኅሣሥ 18 ማታ ልጆቼን ይዤ ደረስኩ። ቀድሜ አልያዝኩም። ከሆቴል ሆቴል ስንዞር ከምሽቱ 4 ሰዓት ሆነ። በመጨረሻ ያገኘነው አንድ ክፍል ነበር፣ አምስታችን አንድ ላይ፣ ያውም በሁለት ክፍል ዋጋ። ትንሿ ልጄ ጫማዋን ሳታወልቅ እንቅልፍ ወሰዳት። ለንግሡ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ ከወር በፊት ያዙ። ለዕረፍት ከሆነ ግን ቀኑን ዝለሉት።

የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም አለ። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የዓለም የማይዳሰስ ቅርስ አድርጎ መዝግቦታል። ቀኑ በየዓመቱ አንድ አይደለም፤ አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ አዋቂዎች ከዋክብትን አይተው ነው የሚወስኑት። በዓሉን ማየት ትልቅ ዕድል ነው፣ ለልጆች ደግሞ በጣም። ቀኑ እስኪነገር ጠብቁና ወዲያው መኝታ ያዙ።

አንድ ሌላ ነገር፦ ከቻላችሁ ከእሑድ እስከ ረቡዕ ሂዱ። ዓርብና ቅዳሜ የአዲስ አበባ ሰው ይሞላዋል። መሥሪያ ቤቶችም ሥልጠናና ስብሰባ እዚያ ስለሚያዘጋጁ አንዳንዴ በሥራ ቀንም ክፍል ይጠፋል፣ ስለዚህ ደውሎ ማረጋገጥ አይቀርም። በሥራ ቀን «ቅናሽ አላችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። አትፈሩ። ብዙ ጊዜ አለ።

ፈቃድ አልሰጥ ቢሉኝስ?

በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት 16 የሥራ ቀን የዓመት ዕረፍት አላችሁ፤ ከዚያ በኋላ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል። ሕጉ ለዕረፍት የሰጣችሁ ነው፣ የምትለምኑት ነገር አይደለም። ግን ነገ ልሄድ ነው ብሎ ዛሬ መጠየቅ አያስኬድም። ከሁለት ወር በፊት በጽሑፍ አስገቡ፣ ሥራችሁን ማን እንደሚሸፍን አብራችሁ ጻፉ። አለቃ እንቢ የሚለው ብዙ ጊዜ ድንገት ሲሆንበት ነው።

በስልክ የነገሩኝ ዋጋና ስወጣ የከፈልኩት ለምን ተለያየ?

«ፕላስ ፕላስ» ስላልጠየቃችሁ ነው። ብዙ ሆቴሎች የሚነግሯችሁ መነሻ ዋጋውን ነው። በላዩ ላይ 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨመራል፣ በድምሩ ላይ ደግሞ 15 በመቶ ቫት። 3,000 ብር የተባለ ክፍል 3,795 ይሆናል ማለት ነው። ለሁለት ክፍልና ለሦስት ሌሊት ስታሰሉት ልዩነቱ 4,770 ብር ነው። ከአንድ ቀን ምግብ በላይ እኮ ነው! እኔ ይሄን ያወቅኩት እንግዳ መቀበያው ላይ ቆሜ፣ ሻንጣው መኪና ላይ ከተጫነ በኋላ ነው።

ስትደውሉ በዚህ ቅደም ተከተል ጠይቁ። «ዋጋው ሁሉንም ያጠቃለለ ነው?» ቀጥሎ «ቁርስ አለው? ለስንት ሰው?» ምክንያቱም ቁርስ ለሁለት ሰው ብቻ ሆኖ ልጆቹ ለብቻ ሊከፈልባቸው ይችላል። ከዚያ «ተጨማሪ አልጋ ስንት ነው?» በመጨረሻም ሙቅ ውሃ እንዳለና መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር እንደሚሠራ። የተናገረውን ሰው ስም ያዙና የተባባላችሁትን በቴሌግራም ይላኩላችሁ። ስትደርሱ ሌላ ሰው ተረኛ ቢሆን እንኳ ማሳያ ይኖራችኋል።

ዘመድ ቤት ብናርፍስ? ወጪ ይቀንስ የለ?

ይቀንሳል፣ ግን ነፃ አይደለም። ሐዋሳ አክስት አለችኝ። መምጣታችንን ስትሰማ አልጋዋን ለኛ ለቃ ራሷ ምንጣፍ ላይ ትተኛለች፤ ዶሮ ታርዳለች፣ ለሦስት ቀን ከማድ ቤት አትወጣም። እምቢ ብትሏት ትቀየማለች። አምስት ሰው ሦስት ቀን ማብላት በአሁኑ ኑሮ ምን ማለት እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ግን በሞቷ አትናገርም።

ስለዚህ እኛ እንዲህ ነው የምናደርገው። ከመሄዳችን በፊት ቡና፣ ስኳር፣ ዘይትና የሚያስፈልጋትን አንዳች ነገር እንገዛለን። የምናርፈው ሆቴል ነው፣ አንድ ሙሉ ቀን ግን እሷ ጋ እንውላለን። ጠዋት ሄደን ቡና አፍልታ፣ ምሳ በልተን፣ ልጆቹ ከልጅ ልጆቿ ጋር ተጫውተው ማታ እንወጣለን። ስንወጣ ትራሷ ሥር ትንሽ ብር አስቀምጣለሁ። በእጇ ብሰጣት አትቀበልም። የመጀመሪያው ዓመት «ሆቴል ምን አስገባችሁ፣ እኔ ሞቻለሁ?» ብላ ተቆጥታ ነበር። አሁን ለምዳዋለች፣ እንደውም በደንብ ለመጫወት ጊዜ አገኘሁ ትላለች።

ቤት ሰፊ የሆነ፣ የሚያግዝ ሰው ያለው ዘመድ ካላችሁ ግን እደሩ። እናንተ ታውቃላችሁ። ብቻ «እዚያ አክስቴ አለች» ብላችሁ የምግቡን ብር ከበጀቱ አታውጡት።

በመኪና ይሻላል ወይስ በአውቶብስ?

ሁለት ሰው ከሆናችሁ አውቶብስ። አራትና ከዚያ በላይ ከሆናችሁና መኪና ካላችሁ መኪና። በመሃል ያላችሁ አስሉት።

በአውቶብስ ለሚሄድ፦ የደቡቡ መስመር መናኸሪያ ቃሊቲ ነው። ጠዋት በጊዜ ነው የሚወጣው፣ ቲኬቱን በዋዜማው መቁረጥ ይሻላል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተነሥቶ ልጅ ማልበስ ከባድ ስለሆነ ልብሳቸውን ለብሰው ይተኙ። ዕቃ ጣራ ላይ የሚጫን ከሆነ የጭነቱን ዋጋ አስቀድማችሁ ተነጋገሩ።

በመኪና ለሚሄድ፦ ከመሄዳችሁ ሳምንት በፊት መካኒክ ጋ ውሰዷት። ዘይት፣ ፍሬን፣ ጎማ ይታይ። እስኮርታው አየር እንዳለው አረጋግጡ፣ ክሪኩና ቁልፉም መኪናው ውስጥ መኖራቸውን በዓይናችሁ እዩ። ቦሎና ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ቀናቸው እንዳያልፍ። ከቱሉ ዲምቱ በክፍያ መንገድ እስከ ሞጆ፣ ከዚያም በአዲሱ የክፍያ መንገድ እስከ ባቱ ትሄዳላችሁ። ከባቱ ወዲያ ፍጥነት ቀንሱ። ጋሪ፣ ባጃጅ፣ ከብት፣ ከትምህርት ቤት የሚወጡ ሕፃናት አሉ። በማታ አትንዱ። ይሄን ደጋግሜ የምለው መብራት የሌለው ጋሪ ድንገት ከፊታችን ሲመጣ አይቼ ስለማውቅ ነው፤ እግዚአብሔር ነው ያተረፈን።

መንገዱ ሰላም ነው?

በምትሄዱበት ሳምንት ጠይቁ። ካለፈው ወር የሰማችሁት አይሠራም። የሚጠየቀውም በየቀኑ የሚመላለሰው ሹፌር ነው፤ በዋዜማው ቃሊቲ ደርሳችሁ ወይም ደውላችሁ አጣሩ፣ ሐዋሳ ያለ ዘመድም ካለ ጠይቁ። ጥሩ ካልሆነ ጉዞውን ማስተላለፍ ነው። ሆቴል ስትይዙም «ቀን ብቀይር ቀብድ ይመለሳል?» ብላችሁ ብትጠይቁ የሚጠቅማችሁ ለዚህ ነው።

ምን ምን እንያዝ?

ስንቅ ያዙ። መንገድ ላይ ለአምስት ሰው ቁርስና መክሰስ ገዝቶ መብላት ኪስ ያራቁታል። እኔ ማታውን ዳቦ ቆሎና ድፎ ዳቦ አዘጋጃለሁ፣ እንቁላል እቀቅላለሁ፣ ሻይ በፔርሙዝ እይዛለሁ። ላንጋኖ አካባቢ ስንደርስ ጥላ ፈልገን ቁጭ ብለን እንበላለን። ልጆቼ ከሆቴሉ ምግብ ይልቅ የሚያወሩት ስለዚያ ቁርስ ነው።

መኪና ለሚያመው ልጅ ሎሚና ፌስታል በእጅ አጠገብ ይሁን። ሐዋሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,700 ሜትር ገደማ ስለሆነ ወባ አለ። አዲስ አበባ የለመደ ሰው ይሄን ይረሳዋል። አልጋው አጎበር እንዳለው ጠይቁ፣ ለማታ እጅጌ ረጅም ልብስና የትንኝ ቅባት ያዙ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሳምንታት ውስጥ ትኩሳት የያዘው ሰው ካለ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተዉት፣ ደም ይመርመር፤ ለሐኪሙም የት እንደነበራችሁ ንገሩት። ኦአርኤስም ሁለት ሦስት ፓኬት ይኑር።

ቤቱን ለማን እንደምትተዉ ቀድማችሁ ጨርሱ። የቤት ሠራተኛችሁን ይዛችሁ የማትሄዱ ከሆነ ፈቃድ ስጧት፣ ደመወዟ ሳይቆረጥ። እሷም ዕረፍት ያስፈልጋታል።

ልጆች ሐይቁ ውስጥ ይዋኙ?

ሐዋሳ ሐይቅ ውስጥ አይዋኙ። በዳርቻው ቢልሃርዚያ አለ፣ ጉማሬም አለ። መዋኘት ካማራቸው ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጉ፣ ብዙዎቹ ለማያርፍ ሰውም በክፍያ ያስገባሉ። ወይም በመንገዳችሁ ላንጋኖ ጎራ በሉ። ውሃው ቡናማ ነው፣ ልጆች መጀመሪያ ሲያዩት ቆሻሻ ይመስላቸዋል። ግን ቢልሃርዚያ የለበትም፣ ሰው የሚዋኝበት ሐይቅ እሱ ነው። ጀልባ ስትሳፈሩ ዋጋውን ለስንት ሰውና ለስንት ሰዓት እንደሆነ መሬት ላይ ሳላችሁ ጨርሱ፤ ላይፍ ጃኬት ከሌለው ጀልባ ላይ ልጅ አታስቀምጡ።

ምግብ ውድ ነው? ዓሣ የት እንብላ?

ሆቴል ውስጥ ሦስቴ ከበላችሁ ውድ ነው። ቁርስ በሆቴሉ፣ ምሳ ውጪ፣ ማታ ቀለል ያለ ነገር ብታደርጉ ይበቃል።

ለዓሣ አሞራ ገደል ሂዱ፤ በጠዋት፣ ከ1 ሰዓት ተኩል ጀምሮ። ዓሣ አጥማጆቹ መረባቸውን ይዘው ይመጣሉ፣ ዳሩ ላይ ቆሮሶና አምባዛ ይከመራል። አንድ ወጣት ቁጢጥ ብሎ በቢላዋ ጫፍ ከአንገቱ ጀምሮ ቆሮሶውን ይገፈዋል፤ ቆዳው እንደ ካልሲ ተገልብጦ ይወጣል። አንጀቱን ወደ ጎን ሲወረውር አባ ኮዳ የሚባሉት ትልልቅ ወፎች ይሻማሉ። ከትንሿ ልጄ ይረዝማሉ፣ ራሳቸው መላጣ ነው፣ ከሰው አይሸሹም። ልጄ የባለቤቴን ሱሪ ጨምድዳ ይዛ «አይበሉኝም?» እያለች ግማሽ ሰዓት አየቻቸው። ያንን ለማየት የከፈልነው የመግቢያዋን ብቻ ነው። እዚያው ጠብሰው ይሰጣችኋል። ጥሬውን ለልጆች አትስጡ፣ ሾርባው ግን አይለፋችሁ። ምግብ እጃችሁ ላይ ካለ ጦጣዎቹን ተጠንቀቁ፣ ይነጥቃሉ።

ጾም ላይ የምትሄዱ ከሆነ፣ ረቡዕና ዓርብም ቢሆን፣ የሆቴሉ ቁርስ የጾም እንዲሆን በዋዜማው ንገሯቸው። ጠዋት ሲጠየቁ ዳቦና ማርማላታ ብቻ ነው የሚያቀርቡት።

ጥሬ ገንዘብ ወይስ ቴሌብር?

ሁለቱም። ነዳጅ በስልክ ነው የሚከፈለው፣ ስለዚህ አካውንታችሁ ላይ ብር ይኑር። ነገር ግን ኔትወርክ ሲጠፋ ባጃጁም ጀልባውም ጥሬ ብር ነው የሚፈልገው። ዝርዝር ብር ያዙ፤ ባለ 200 ይዞ ባጃጅ መሳፈር መልስ የለም ያስብላል። መጠባበቂያውን ባልና ሚስት ለሁለት ተካፍላችሁ ያዙት፣ አንድ ቦርሳ ውስጥ አይሁን።

ከውጭ የመጣ ዘመድ አብሮን ቢሄድ ማን ይክፈል?

ይሄን ብዙ ሰው በጆሮዬ ነው የሚጠይቀኝ። ወንድሜ ከአሜሪካ ሲመጣ አብረን ሄደን ነበር። ማንም ሳይናገር ሁሉም «እሱ ይከፍላል» ብሎ አሰበ። እሱ ደግሞ ሁለት ሥራ እየሠራ ለዓመታት ቆጥቦ ነው የመጣው፣ ሰርግና ለቅሶ ለመድረስ ግማሹን ጨርሶታል። ሁለተኛው ቀን ላይ ፊቱ ጠቆረ፣ አልተናገረም፤ ደርሼ ስጠይቀው ነው የነገረኝ። አፈርኩ።

አሁን ከመሄዳችን በፊት በግልጽ እንነጋገራለን። የሱ ክፍል በሱ፣ የኛ በኛ፣ ነዳጅ እኛ፣ አንድ ቀን ምሳ እሱ ይጋብዛል፣ አንድ ቀን እኛ። መናገሩ መጀመሪያ ላይ ይከብዳል፣ ግን ከዚያ በኋላ ሁሉም ቀለል ብሎት ይስቃል።

ዓሣ ይዘን መመለስ እንችላለን?

ትችላላችሁ። ከከተማው ስትወጡ የመጨረሻ ሥራችሁ ይሁን። አስገፍፋችሁና አሳጥባችሁ ከበረዶ ጋር በማቀዝቀዣ ሳጥን ያዙት፣ መንገድ ላይ ብዙ አትቁሙ፣ ያን ቀን ማታውን ይጠበስ ወይም ፍሪጅ ይግባ። ሳጥን ከሌላችሁ ተዉት፣ ይበላሽባችኋል። ይልቅ መቂ ላይ ቲማቲምና ሽንኩርት በርካሽ ታገኛላችሁ፤ የሳምንት አስቤዛችሁን እዚያ ሸምቱ። አንድ ኪሎ ጨምሩና ቤታችሁን ለጠበቀችላችሁ ጎረቤት ስጧት።